በጥቅምት 24 ያልነበረው ስብሰባ

እኛ ስንል አንዲት ሴት ነን። በብዙ ቁጥር የምናወራው ጥፋት ለብዙ ሰው ሲካፈል ይቀላል ብለን ነው። የዛሬው ጥፋታችን ግን ስንት ቦታ ብናካፍለው የሚቀል አልሆነም፤ ስለዚህ እንናዘዝ።

ነገሩ የሆነው በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ነው። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ የጋዜጠኝነት ሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ነበርን። (ክፍሉ ውስጥ ብዙ ነበርን፤ ይቺ ብዙ ቁጥር እውነተኛ ናት።) አያታችን የሚኖሩት መንዝ ነው፤ ከመሐል ሜዳ ከተማ ሦስት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ደጋ ላይ። መንዝን የማያውቅ የከተማ ልጅ ካለ በአጭሩ እንንገረው። ብርድ አለ፣ ገብስ አለ፣ በግ አለ። ከበጉ ሱፍ ይሸለታል፤ ሴቶቹ በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ከዚያ ባና ይሠራበታል። ባና ማለት የመንዝን ሌሊት ለመቻል የሚለበስ የሱፍ ብርድ ልብስ ነው። አያታችንም ሱፍ ፈታይ ናቸው፤ 43 አባላት ያሉት የሴቶች ማኅበር ውስጥም ነበሩ።

የማኅበሩ ጸሐፊ ለየአባሉ የጥሪ ደብዳቤ በእጅ ትጽፍ ነበር። 43 ጊዜ «ይድረስ ለወ/ሮ እገሊት» እያለች። አንድ ቀን በስልክ ስታማርር ሰማንና ጉራችን ተነሣ። «ተይው፣ እኛ በኮምፒዩተር እንሠራዋለን!» አልን።

የጓደኛችን ወንድም ፐርል በሚባል ቋንቋ ፕሮግራም ይጽፋል። እሱ ነው ቴምፕሌት ቱልኪትን ያሳየን። አንዲ ዋርድሊ የሚባል ሰው የጀመረው፣ ነፃ የሆነ የጽሑፍ ማዘጋጃ ነው። ሐሳቡን ቀበሌ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፤ ባዶ ቦታ የተተወለት ቅጽ ማለት ነው። ቅጹን አንድ ጊዜ ትጽፋላችሁ፣ ስሞቹን በዝርዝር ትሰጡታላችሁ፣ እሱ ባዶውን እየሞላ 43 ደብዳቤ ያወጣል። ቅጹ ራሱ የማይችለውን ሥራ ደግሞ ፕለጊን የሚባሉ ተቀጽላዎች ይሠሩለታል። «ዩዝ» ብላችሁ የተቀጽላውን ስም ስትጽፉ ይመጣና ያግዛል። አብረውት የሚመጡ መደበኛ ተቀጽላዎችም አሉ፦ «ቴብል» ዝርዝርን በረድፍና በዓምድ ይደረድራል፣ «ራፕ» ረጅም መስመርን ይሰብራል፣ «ፎርማት» ቁጥርን መልክ ያስይዛል፣ «ዴት» ቀን ይጽፋል። ለጎረቤት ድግስ እንደሚመጡ ባለሙያዎች ናቸው፤ አንዷ ወጥ ትሠራለች፣ አንዷ እንጀራ ትጋግራለች። ድግሱ የሚበላሸው ማን ምን እንደምታውቅ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው።

መጀመሪያ የተበላሸው «ራፕ» ነው። መስመሩን በ60 ፊደል ስበር ብንለው በ20 ሰበረው። ደብዳቤው ግጥም መሰለ። ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ማታ ፈጀብን። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ አንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይይዛል። እኛ ጽሑፉ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን ለፕሮግራሙ ስላልነገርነው፣ ምስኪኑ ባይት እየቆጠረ «ሀ»ን ሦስት ፊደል አድርጎ ኖሯል። ነገርነው፤ ተስተካከለ። ጀግና የሆንን መሰለን።

የፆታውን ጣጣ ደግሞ አማርኛ ራሷ ፈታችልን። ማኅበሩ ውስጥ ሁለት ወንድ ሸማኔዎች ነበሩ። «ትገኝ ዘንድ» እንበል ወይስ «ትገኚ ዘንድ» እያልን ለየፆታው ሁኔታ ልንጽፍ ስንል «እንዲገኙ» የሚለው አንቱታ ሁለቱንም ጠቅልሎ ወሰደው። አክብሮት ኮድ ይቀንሳል ማለት ነው። ይህን ያስተማረን መምህር የለም።

ከዚያ ቀኑ መጣ። ጸሐፊዋ «የሚመጣው ሳይሆን የሚቀጥለው ሐሙስ» አለችን። እኛም የኮምፒዩተሩን ካሌንደር አየንና ኦክቶበር 24 ብለን ለ«ዴት» ሰጠነው። «ዴት» ታማኝ ሠራተኛ ነው፤ የተሰጠውን ቀን በተባለው መልክ ይጽፋል። የአማርኛ አካባቢ መለያ ስንሰጠው «ኦክቶበር 24» ብሎ በእኛው ፊደል ጻፈልን። ሳቅን! «ኦክቶበር በአማርኛ ፊደል! ምን ዓይነት አማርኛ ነው ይሄ?» አልን። ያንን ያዘጋጁት ሰዎች የሚያውቁትን እያወቁ እንደጻፉት አልገባንም። ኦክቶበር ጥቅምት አይደለም። ኦክቶበርን ኦክቶበር ብለው የተዉት ለዚህ ነበር። እኛ ግን አማርኛ አሳማሪ ሆነን አሥራ ሁለቱንም ወር በየተራ ተካን፦ ሴፕቴምበርን መስከረም፣ ኦክቶበርን ጥቅምት፣ ኖቬምበርን ኅዳር። ዓመቱን «2012 ዓ.ም.» ብለን ራሳችን ቅጹ ላይ ጻፍነው። አለቀ። «ጥቅምት 24 ቀን 2012 ዓ.ም.» የሚል፣ ዓይን የሚሞላ፣ ምንም የማያጠራጥር ውሸት አተምን።

ያ ሐሙስ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 13 ነበር።

ደብዳቤዎቹን አጥፈን፣ በየስማቸው ፖስታ ውስጥ አሽገን፣ በዘመድ እጅ በአውቶቡስ ላክን። ጸሐፊዋ ሳትከፍት አደለቻቸው። የከተማዎቹ ሴቶች ስብሰባው ሐሙስ መሆኑን በአፍ ሰምተው ስለነበር ወረቀቱን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ወረቀቱን ያመኑት ሩቅ ያሉት ብቻ ናቸው። ሩቅ ያሉት ደግሞ አያታችን ናቸው።

አያታችን ማንበብ አይችሉም። የጎረቤት ልጅ አነበበላቸው። «ጥቅምት 24» ሲል «በተክለ ሃይማኖት ነዋ!» አሉ፤ በበዓል ስብሰባ መጠራቱ እየገረማቸው። ቀኑ ሲደርስ ክረምቱን ሙሉ የፈተሉትን ሱፍ አዝለው ሦስት ሰዓት ተጓዙ። በሩ ተዘግቶ ነበር። የዚያን ሐሙስ አንድ ነጋዴ መጥቶ የባና ትእዛዝ ሰጥቷል፤ ድርና ማጉን በቦታው የተገኙት ተከፋፍለው አስረክበዋል። ከመጡ በኋላ የተረፈ ነገር አልነበረም። አያታችን ሱፋቸውን መልሰው አዝለው፣ ሌላ ሦስት ሰዓት ሄደው ቤታቸው ገቡ።

ይህን የሰማነው ከሳምንት በኋላ በስልክ ነው። አልተቆጡም። «ልጄ፣ መኪናው ነው ወይስ አንቺ ነሽ የተሳሳትሽው?» ብለው ጠየቁን። መኪና ያሉት ኮምፒዩተሩን ነው። «መኪናው ነው» ልንል አፋችን ላይ ደርሶ ነበር። በዚህ አገር ስንት ነገር በሲስተም ይሳበባል! ግን ሲስተሙ ኦክቶበር ብሎን ነበር። «እኛ ነን እምዬ» አልናቸው። «በይ እንግዲያው አስተካክይው» አሉን። ይኸው ነው።

ማስተካከሉ እንዳሰብነው አልቀለለም። መጀመሪያ «11 ቀን እንቀንስ» አልን። ለዚያ ጥቅምት ይሠራል። ግን በዚያው ዓመት ለኅዳር የሚቀነሰው 10፣ ለየካቲት 8፣ ለነሐሴ 6 ነው። በብዙው ዓመት ደግሞ ለጥቅምትም የሚቀነሰው 10 ነው፤ 2012 ላይ 11 የሆነው የ2011 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረችና አዲሱ ዓመት በሴፕቴምበር 12 ስለገባ ነው። ኦክቶበር 5 ቢሆንስ? እሱ ገና መስከረም ውስጥ ነው። መቀነስ ብሎ ነገር የለም፤ ያለው መቁጠር ነው። ቀኑን ከአንድ መነሻ ጀምሮ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ትቆጥራላችሁ፤ ቁጥሩን 1461 ቀን ባለው የአራት ዓመት ዙር ትከፍላላችሁ፤ ከዚያ በ30 በ30 ወር ታወጣላችሁ፤ የተረፈችው አምስት ወይም ስድስት ቀን ጳጉሜን ናት። እንዲያውም የእኛ ካሌንደር ከፈረንጁ ይልቅ ለፕሮግራም ይመቻል። አሥራ ሁለቱም ወር እኩል ነው፤ ፌብሩዋሪን ማባበል የለም።

ደስ የሚለው፣ ይህን ቀድሞ የሠራ ሰው አለ። ዳንኤል ያዕቆብ ለፐርል «ዴት ኢትዮፒክ» የሚባል ቀን ቀያሪ ጽፎ በነፃ አኑሯል። እኛም ቴምፕሌት ቱልኪት ለተቀጽላ ጸሐፊዎች ባስቀመጠው መሠረት ላይ ትንሽ የራሳችንን ተቀጽላ ሠራን። የፈረንጁን ቀን ይቀበላል፣ የእኛን ይመልሳል። ዕለቱንም እንዲጽፍ አደረግን። መጀመሪያ ዕለቱን ጽፈነው ቢሆን ኖሮ «ሐሙስ፣ ጥቅምት 24» ሲባል ማንም ካሌንደር ያለው ሰው ያጋልጠን ነበር፤ ጥቅምት 24 ሰኞ ነው የዋለው።

የመጨረሻውን ክፍል ያዘዙት ግን አያታችን ናቸው። «የቁጥሩን ነገር ተይውና ማን ቀን እንደሆነ ጻፊ» አሉ። እሳቸው ዘንድ ወሩ የሚታወቀው በቁጥር አይደለም፤ 12 ሚካኤል ነው፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም። ስለዚህ 30 ስም ያለው ዝርዝር ጨመርን። የሚቀጥለው ደብዳቤ «የሚካኤል ማግስት፣ ሐሙስ» በሚለው ዓይነት ወጣ። ቁጥሩ ቢሳሳት ዕለቱ ይይዘዋል፣ ዕለቱ ቢሳሳት ታቦቱ ይይዘዋል። ጸሐፊዋም ከመላኳ በፊት አንዱን ከፍታ ታነባለች። ይህኛው ጥበቃ ኮድ አይፈልግም፤ ከሁሉም የሚበልጠውም እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ዛሬ ተመርቀን፣ ጽሑፍ እያረምን እንጀራ እንበላለን። የፈረንጅ ቀን በአማርኛ የወር ስም ተጽፎ ስናይ እጃችን ይንቀጠቀጣል። በየዜናው አለ፤ ኦክቶበርን ጥቅምት ማለት አሁንም ትርጉም ይመስለናል። ውድ አንባቢ፣ ትርጉም አይደለም። አንድ ቦታ አንዲት አሮጊት ሱፍ አዝለው በዚያ ቀን ይነሣሉ።

ያ ሱፍ የት ደረሰ ላላችሁ፣ ገዢ አላገኘም። አያታችን ለሸማኔ ሰጥተው ባና አሠሩበትና ለእኛ ላኩት። አልጋችን ላይ ነው፤ ይከብዳል፣ ትንሽም ይኮሰኩሳል። ክረምት ሲገባ ግን ያለ እሱ አንተኛም።

ቸር እንሰንብት።