ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለው መብራት

አዘዞ አክስቴ ቤት ቴሌቪዥኑ ጀርባ የተለጠፈው የኤልኢዲ ገመድ ነጭ ሲደረግ መነሻው ነጭ፣ ጫፉ ግን ቀላ ያለ ይሆናል። «ተበላሽቷል፣ ንቀልልኝ» አለችኝ። አልተበላሸም፣ እትዬ!

5 ቮልት በቀጭን መዳብ ርቆ ሲሄድ እየቀነሰ ይደርሳል። ሰማያዊውና አረንጓዴው ለመብራት 3 ቮልት ገደማ ስለሚፈልጉ ቀድመው ይፈዛሉ፤ 2 ቮልት የሚበቃው ቀይ ብቻውን ጎልቶ ይቀራል። ከአዳፕተሩ ሌላ ጥንድ ሽቦ ስቤ ጫፉንም ኃይል ሰጠሁት፣ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ። ወዲያው ነጣ! አክስቴ እልል አለች።

ፒያሳ ወርዳችሁ የምትገዙ ልጆች፣ እባካችሁ ረጅሙን ገመድ ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ አትሳቡ። ዩኤስቢ 2.0 በደንቡ የሚሰጠው ግማሽ አምፔር ነው። እያንዳንዱ መብራት ለብቻው ቀለም የሚቀይርበት፣ ደብልዩኤስ2812ቢ የሚባለው ዓይነት ግን በሜትር 60 መብራት ካለው በሙሉ ነጭ በየሜትሩ እስከ 3.6 አምፔር ሊስብ ይችላል። እሱ ላይ የታተመውን ቀስትም እዩ፤ ትዕዛዙ ወደ ቀስቱ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው፣ ከተገለበጠ አይታዘዝም።

መብራት ሲሄድ ደግሞ አዳፕተሩን ከሶኬት ንቀሉት፤ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል ሊያቃጥለው ይችላል።