ኮሪደሩ ላይ የተጠራ ስም

ችሎቱ ዝግ ነው። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ከእናትየው በቀር ማንንም አላስገባም፤ አክስቲቱን እንኳ መልሷታል። የልጁ ስም ግን ከአምስት ደቂቃ በፊት፣ ከነአባቱ ስም፣ ሰው በሞላበት ኮሪደር ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ነበር። አግዳሚው ላይ ለቤት ኪራይ ክርክር የመጡ ሁለት የሰፈር ሰዎች ቀና ብለው ተያዩ። ዳኛዋ ውስጥ ያደረጉት ጥንቃቄ ሁሉ ከዚያች ጥሪ በኋላ የመጣ ነው።

*

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 176 የወጣት ጥፋተኛ ጉዳይ በዝግ እንዲሰማ አዟል። ከምስክር፣ ከባለሙያ፣ ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ፣ ከበጎ አድራጎት ድርጅት ተወካይ በቀር ማንም አይገባም። በዚያ ዘመን ይህን ያሰበ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን አንቀጹ የዘጋው አንድ ክፍል ነው። የቀጠሮ ሰሌዳው፣ የመዝገብ ቤቱ መስኮት፣ ፋይሉን በብብቱ ይዞ ደረጃ የሚወርደው ተላላኪ ከዚያ ክፍል ውጭ ናቸው። ምስጢር ሲወጣ ያየሁት ሁልጊዜ በእነዚህ በኩል ነው።

*

የዕድሜን ነገር ደጋግሜ አስባለሁ። ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ያለው በወንጀል ሕጉ ወጣት ጥፋተኛ ይባላል፤ ልዩው ሥነ ሥርዓትም የተጻፈው ለእሱ ነው። አሥራ አምስትን አልፎ አሥራ ስምንት ያልሞላው ግን፣ ቅጣቱ ሊቀልለት ቢችልም፣ የሚዳኘው በመደበኛው ሕግ ነው። የቤተሰብ ሕጉ ከአሥራ ስምንት በታች ያለውን ሁሉ አካለ መጠን ያልደረሰ ይለዋል፤ ውል እንዲፈርም አይፈቅድለትም፤ ያለ አሳዳጊም አይተወውም። የወንጀል ችሎት ሲቀርብ ግን ይኸው ልጅ በግልጽ ችሎት፣ በሰው ሁሉ ፊት ሊቆም ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የግል ሕይወትን ለመጠበቅ ሲባል ችሎት እንዲዘጋ ስለሚፈቅድ፣ ያሰበበት ዳኛ ይዘጋዋል። ያላሰበበት ዳኛ ዘንድ የደረሰ ልጅስ?

በዚያ ላይ አሥራ አምስት መሙላቱን ማን ያውቃል? ልደት በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደው አብዛኛው ልጅ ያለው ማስረጃ የእናቱ ቃል ነው፤ «ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው የወለድኩት» የሚል። ክርክር ሲነሳ ሐኪም አጥንቱን አይቶ ይገምታል። የሐኪም ግምት በአንድ ዓመት ወዲህ ወይም ወዲያ ሲል የችሎቱ በር አብሮ ይከፈታል ወይም ይዘጋል።

*

ትምህርት ቤቱ፣ ልጁ ከትምህርት የቀረበትን ቀን የሚያስረዳ ወረቀት ጠየቀ። እናትየው ይዛ የሄደችው ደብዳቤ የልጁን ስም፣ የመዝገቡን ቁጥር፣ ከሥሩም የተጠረጠረበትን ወንጀል ይዟል። ርዕሰ መምህሩ አነበቡት፣ ለክፍል ኃላፊው አሳለፉት፣ ክፍል ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ተወው። «በተጠቀሰው ቀን ፍርድ ቤት ነበር» የሚል አንድ መስመር ይበቃ ነበር።

*

የአንድ ተጠርጣሪ ልጅ ፎቶ ላይ ዓይኑ ብቻ በጥቁር መስመር ተሸፍኗል። ሸሚዙ ይታያል፣ ከጀርባው የሰፈሩ ወፍጮ ቤት ይታያል፣ ከሥሩ ዕድሜውና ቀበሌው ተጽፏል። በዚያ ቀበሌ እሱን የማያውቅ የለም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር በአንቀጽ 17 ጋዜጠኛና ሕዝብ ከልጅ የወንጀል ችሎት እንዲከለከሉ መንግሥታትን ያስገድዳል። የተጻፈው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ የሚያሰጋው በሩ ላይ የሚቆመው ጋዜጠኛ ነበር። አሁን ፎቶውን የሚያነሳው ልጁን የያዘው ሰው ራሱ ነው፤ ልጁ ዳኛ ፊት ከመቅረቡ በፊት ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል።

*

ምስጢር ይጠበቅ ማለት ሁሉም ዝም ይበል ማለት አይደለም። አንድ ልጅ ከአንድ ተቋም ወደ ሌላ ሲዛወር የሚጥል በሽታ እንዳለበት አብሮ አልተነገረም፤ ፋይሉ «ምስጢር» ስለሆነ። ሌሊት ሲወድቅ አጠገቡ የነበሩት ሰዎች ማርያም ማርያም ከማለት በቀር የሚያደርጉት አልነበራቸውም። በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የቤጂንግ ደንብ የወጣት ጥፋተኛን መዝገብ ማየት የሚችለው ጉዳዩን በቀጥታ የያዘ ወይም በሚገባ የተፈቀደለት ሰው ነው ይላል። ልጁ አድጎ በሌላ ጉዳይ ቢከሰስም ያ መዝገብ እንዳይቀርብበት ይከለክላል። እኔ ከዚህ የምወስደው አንድ ጥያቄ ነው፤ መዝገቡን የሚጠይቅ ሰው ሁሉ «ለልጁ ምን ልታደርግለት ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። ተንከባካቢዋ መልስ አላት፤ ይስጧት። ለወሬ የመጣ ጎረቤት መልስ የለውም።

የተበደለው ልጅ እናትም መልስ አላት። ጉዳዩ ምን ላይ እንደደረሰ፣ የተከሰሰው ልጅ ወደ ሰፈር ይመለስ እንደሆነ ማወቅ አለባት፤ የራሷን ልጅ በዚያው መንገድ ነው ውኃ የምትልከው።

*

ሽምግልና ላይ አሥር ሰው ይቀመጣል፤ ሁሉም ይሰማል። በወረቀት ሚዛን ይህ ትልቅ ገመና መግለጥ ነው። ሆኖም ይቅርታ ከወረደ በኋላ ነገሩን ያነሳ ሰው ነውረኛ ሲባል አይቻለሁ። ይህ ሁልጊዜ ለበጎ አይሆንም፤ የተደፈረች ልጅ ጉዳይ በዚሁ መንገድ ታፍኖ ሲቀር ያየሁ ነኝና አልመክረውም። ያነሳሁት ያ ነውረኛ የማለት ልማድ በፍርድ ቤቱ ኮሪደር አለመኖሩ ስለሚከነክነኝ ነው።

*

አንድ የማውቀው ልጅ አሁን ሃያ ሁለት ሆኖታል። ወደ ዱባይ ለመሄድ አሻራ ሰጥቶ ከወንጀል ነጻ ማስረጃ ማውጣት አለበት። በአሥራ ሦስት ዓመቱ ጠባይ ማረሚያ ገብቶ ነበርና፣ «ይወጣብኝ ይሆን?» እያለ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጣ። እናቱ የውሳኔውን ግልባጭ ዘጠኝ ዓመት በነጠላዋ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አኑራለች፤ ልታቃጥለው ፈልጋ ጠየቀችኝ። አንድ ጠበቃ ዘንድ ይዘነው ሄድን። ጠበቃው አንብቦ፣ ልጁ የተወሰነበት የማረሚያ ርምጃ እንጂ ቅጣት እንዳልሆነ፣ በሕጉም እንደ ወንጀለኛ እንደማይቆጠር ነገራት።

«ወንጀለኛ አይደለም ይላል? እዚህ ላይ?»

«አዎ፣ እማማ። እንዳያቃጥሉት።»

መልሳ በነጠላዋ ጠቀለለችው።