ገንዳና ቆጣሪ

የዶሮ ማነቂያ ሰፈራችን በ2016 ዓ.ም. እስኪፈርስ ድረስ አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ እንገለገል ነበርና፣ እንጀራ የምንጋግረው በተራ፣ ሒሳብ የምንከፍለውም በክርክር ነበር። ገላችንን ለመታጠብ ከፒያሳ ቁልቁል ወደ ፍል ውሃ እንወርድ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ የሳበውን ያን ውሃ የምታሞቀው ምድር ናትና ቆጣሪ አያውቀውም።

በቅርቡ አንድ ወዳጃችን በግቢው ያሠራውን የዋና ገንዳ አሳየን። ውሃ ቆሞ ከዋለ ስለሚበላሽ፣ ባለ 1 ኪሎዋት ሞተር በየቀኑ 8 ሰዓት እያዞረ ያጣራዋል፤ ይህም በወር 240 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የመብራት ታሪፍም ፍጆታ በበዛ መጠን በእርከን ከፍ ስለሚል፣ ወዳጃችን ውሃውን ማሞቁን ትቶታል። እኛም መቅናታችንን አንሸሽግም፤ ዳሩ ግን ዓይናችን ከገንዳው ይልቅ ያረፈው ለብቻው በተሰቀለው ቆጣሪ ላይ ነበር።