ውሻው አይገባም

እናንተ የሳሊተ ምሕረትና የሲኤምሲ ልጆች፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከካፌ ካፌ መዞር አልሰለቻችሁም? እኔ የሰለቸኝ ጊዜ፣ በ2008 ዓ.ም. ጥር ላይ የሄድኩበትን ላጫውታችሁ።

አብራኝ የነበረችው ጓደኛዬ ናት። (ጓደኛ ስል ምን ዓይነት እንደሆነ እኔም በወቅቱ አልለየልኝም ነበር።) ዲቪ ደርሷት በሳምንቱ ልትበር ነው። ውሻዋን ለእኔ ትታ ስለምትሄድ፣ «እስቲ ሦስታችንም ወጣ ብለን እንላመድ» አለችኝ።

እስከ መገናኛ ታክሲ ያዝን። ረዳቱ ውሻውን አየና «የሱም ሒሳብ ይከፈላል» አለ። ከፈልኩ፤ ያውም ወንበር ሳይዝ! ከዚያ ወደ የካ ተራራ በእግር ነው። ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች በባሕር ዛፉ መሀል ቁልቁል ሲመጡ፣ እኛ ባዶ እጃችንን ሽቅብ እናለከልካለን። ቀኑ የደላው ለውሻው ብቻ ነው።

የሄድነው ዋሻ ሚካኤል ነው። ውቅር ቤተ ክርስቲያን ለማየት ላሊበላ ድረስ ገንዘብ የሚያጠራቅም ስንት የአዲስ አበባ ልጅ አለ፤ ይሄ እዚሁ ራስጌያችን ሆኖ! አለቱን ወደ ታች ፈልፍለው የሠሩት ነው። ጣሪያው ፈርሶ ከውስጥ ሆነው ቀና ሲሉ ሰማይ ይታያል። የአካባቢው ሰው አብርሃና አጽብሃ ያሠሩት ነው ይላል። ተመራማሪዎች ደግሞ ወደ ላሊበላ ዘመን ያቀርቡታል። የትኛውም ቢሆን ጫካው ልጁ ነው፤ ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣው በአጼ ምኒልክ ዘመን ነውና።

በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ጠባቂ አስቆሙን።

«ልጆቼ፣ እናንተ ግቡ። ውሻው አይገባም።»

የቤተ ክርስቲያን ግቢ መሆኑን ጠፍቶን አይደለም፤ ብቻ አላሰብነውም። ተራ በተራ ሆነ። እኔ ቀደምኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚያ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመን ልነግራት ያሰብኩት ነገር ነበረኝ። ብቻዬን ለድንጋይ ምን እላለሁ? ወጣሁና የውሻውን ገመድ ተቀበልኳት። ገባች። ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል።

«አቧራ ነው» አለችኝ።

«አዎ፣ አቧራ አለው» አልኩ። ጅል!

አሁን ቢሆን ሦስተኛ ሰው ይዤ እሄድ ነበር። ውሻ ያላችሁ ይቺን ያዙልኝ።

ሽማግሌው ሲሸኙን «ጀንበር ሳትጠልቅ ውረዱ፤ ጅብ ውሻ ይወዳል» አሉን። እየሮጥን ወረድን፤ በሩጫ ደግሞ ወሬ የለም። በሳምንቱ በረረች።

ውሻው አርጅቶ እኔ ዘንድ አለ። ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ የዓመቱን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቤው እንደሆን ነው። አስከትቤዋለሁ።