መስከረም አንድ ሲዘፈን

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን የታሪክ ተውኔት ማለት ለእኔ ካባ፣ ጎራዴና ረዥም መነባንብ ነበር። እውነተኛ ታሪክ በዘፈን የሚጫወት ቲያትር ሲነሳብኝ አፍንጫዬን እነፋለሁ። "ሰው ባለቀበት ነገር ይዘፈናል እንዴ?" እል ነበር፤ የአልቃሽ አገር ልጅ መሆኔን ረስቼ።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ኒውዮርክ እህቴ ዘንድ ስሄድ "ጋሼ፣ አንድ ቲያትር አሳይሃለሁ" ብላ ብሮድዌይ ወሰደችኝ። ርዕሱ "ካም ፍሮም አዌይ" ይባላል። የካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ሰዎች ከሌላ አገር የመጣን ሰው የሚጠሩበት ነው። በእኛ "መጤ" ቢባል ያስኬዳል፤ ቃሉ እኛ ዘንድ ምን ያህል እንደከበደ ግን ታውቁታላችሁ።

ታሪኩ የመስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው። የአሜሪካ ሰማይ ሲዘጋ 38 አውሮፕላኖች ሰባት ሺህ የሚጠጋ መንገደኛ ይዘው ጋንደር በምትባል፣ ዐሥር ሺህ ሰው በማይሞላባት ከተማ አረፉ። አድማ ላይ የነበሩት የተማሪ አውቶቡስ ሾፌሮች አድማቸውን ትተው ሰዉን አመላለሱ። ይህን ሁሉ የሚጫወቱት 12 ተዋንያን ናቸው፤ አንዱ ሰው ኮፍያ ሲያደርግ ነዋሪ፣ ሲያወልቅ መንገደኛ ነው። ወንበሮቹ አንዴ አውሮፕላን፣ አንዴ አውቶቡስ ይሆናሉ። ካባ የለ፣ ጎራዴ የለ!

አንድ ቦታ ላይ ከአፍሪካ የመጡ ባልና ሚስት ደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች አይተው ከአውቶቡስ አንወርድም ይላሉ። እንግሊዝኛ አይሰሙም። ሾፌሩ ሴትዮዋ የያዘችውን መጽሐፍ ቅዱስ ያያል። ቋንቋውን ማንበብ ባይችልም ምዕራፉና ቁጥሩ የትም አገር አንድ ነውና ጥቅሱን ፈልጎ በጣቱ ያሳያቸዋል። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ቃላት ያስተማርኩ ሰው በቁጥር ተረታሁ።

የእኛ ቤት መስከረም አንድ ሌላ ነበር። ዕንቁጣጣሽ ነው፤ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ቡናው ቀርቦ፣ አሥር ሰዓት ገደማ ወሬው መጣ። እህቴ ያኔ ከመንትያዎቹ ሕንጻዎች ብዙ በማይርቅ ሆቴል ትሠራ ነበር። ስልኩ እምቢ አለ። እናታችን ከስልኩ አጠገብ ንቅንቅ አላለችም። በሦስተኛው ቀን "ደህና ነኝ" ብላ ደወለች፤ ተላቀስን። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስተነው አናውቅም።

መድረኩ ላይ ደግሞ ጋንደር የቀረች አንዲት እናት፣ ኒውዮርክ ላለው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ልጇ ደጋግማ ስልክ ትመታለች። የምትናገረው በዘፈን ነው። በንግግር ቢሆን ኖሮ ተቺው መምህር በውስጤ ይነቃና ቃላቱን ይመዝን ነበር፤ ዜማው ግን ጊዜ አልሰጠኝም። እህቴ እጄን ያዘችኝ። መጨረሻ ላይ ሙዚቀኞቹ መድረኩን ሲቆጣጠሩት (እሷ ትመስክር) በእግሬ ምት እመታ ነበር።

ወጥተን ዝም ብለን ትንሽ ተራመድን።

"ለመሆኑ እማዬ ያን ቀን ዶሮውን በላች?" አለችኝ።

"እስክትደውዪ አልቀመሰችም።"

"ሦስት ቀን?" አለችና የእግረኛ መንገዱ መሃል ቆመች።