ወደ ቱሉ ወለል የተደረገ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ

ስለ ተራራ ሲነገር ልባችን ብዙ ጊዜ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ደብረ ዳሞን፣ ራስ ደጀንን፣ አቡነ ዮሴፍን በስም የማያውቅ ክርስቲያን ቤተ ሰብ ጥቂት ነው። በምዕራብ በኩል በወለጋ ምድር ከባሕር ወለል በላይ 3301 ሜትር ከፍ ብሎ የቆመውን ቱሉ ወለልን ግን ከአገሩ ልጆች በቀር እምብዛም የሚያነሣው የለም። ቱሉ በኦሮምኛ ተራራ ማለት ነው። እኛም በ2005 ዓ.ም. በጥር ወር ከነቀምቴ ተነሥተን ይህን ተራራ በእግራችን ወጥተን ስለ ተመለስን፣ ያየነውንና የተማርነውን ለዚህ መጽሔት አንባብያን ልንነግር ወደድን።

ወሩን የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው የሰማዩ ጠባይ ነው። በምዕራብ ወለጋ ዝናሙ ከግንቦት አስቀድሞ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ፣ በዚያ ወራት ዳገቱ ጭቃ፣ ጫፉም ጉም ነው። ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ነው። ደረቁ ወራት ሲጀምር ከኅዳር 15 ቀን አንሥቶ ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ልደትና ጥምቀት ይከተላሉ። በዚያ ዓመት ጾመ ነነዌ የሚገባው የካቲት 18 ቀን ስለ ነበረ፣ ከጥምቀት በኋላ ያሉት ሳምንታት ስንቅ ለሚቋጥር መንገደኛ የተመቹ ሆኑ። ስለዚህ ሐሙስ ጥር 16 ቀን ተቀጠረ። ዕለቱም የእመቤታችን የኪዳነ ምሕረት መታሰቢያ ስለ ሆነ በስሟ ተማጽነን ተነሣን።

ከነቀምቴ የተነሣነው አምስት ሆነን ነው። ሦስቱ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮች፣ አንዱ የዐሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ፣ አምስተኛው ደግሞ ስድሳ ሰባት ዓመት የሞላቸው የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ሁላችንም «የኔታ» እንላቸዋለን። የኔታ የተወለዱት በቄለም ነው። በልጅነታቸው ከብት ሲጠብቁ ቱሉ ወለልን በየጧቱ ከሩቅ ያዩት ነበር። ነገር ግን ገና በዐሥራ ሦስት ዓመታቸው ለቅኔ ትምህርት ወደ ጎጃም ስለ ተሻገሩ፣ ተራራውን አንድ ቀን እንኳ ሳይረግጡት ሸመገሉ። የጉዞው አሳብ የመነጨውም ከእሳቸው ነበረ።

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ቀድሞ የለቃ ገዥዎች የነበሩት የሞሮዳ በከሬና የልጃቸው የኩምሳ ሞሮዳ መቀመጫ ነበረች። ኩምሳ ክርስትና ተነሥተው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት ናቸው፤ ግቢያቸውም በቅርስነት ተጠብቆ የከተማዪቱ መታወቂያ ሆኗል። በከተማዪቱ ስም የሚጠራው የለቀምት ቡናም በፍሬው ትልቅነት በውጭ አገር ገበያ የታወቀ ነው።

ማክሰኞ ማለዳ ከነቀምቴ በአውቶቡስ ስንነሣ ብርዱ ጋቢ ያስለብስ ነበር። መንገዱ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ሲወርድ ግን ጋቢው ወለቀ፤ ቀጥሎም ኮቱ ወለቀ። ወንዙን ተሻግረን ወደ ጊምቢ ስንወጣ ደጋው እንደ ገና ተቀበለን። ከጊምቢ ወዲያ የቡናው ጥላ፣ የማሩ ቀፎ፣ የቀይ አፈሩ መንገድ እየተፈራረቀ ሸኘንና፣ ሲመሽ በወርቅ አንጥረኞቿና በጠጇ ስሟ ከተነሣው ከደምቢ ዶሎ ገባን። ደምቢ ዶሎ ከአዲስ አበባ 650 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ስለ ገባች፣ ፀሐይ ከዋና ከተማችን ሩብ ሰዓት ያህል ዘግይታ ትወጣባታለች፤ ዘግይታም ትጠልቃለች። ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም በማግሥቱ እንደ ጠቀመን ወደ ፊት እንናገራለን።

ረቡዕ ዕለት ወደ ሰሜን ተጉዘን ከተራራው ግርጌ ደረስንና በአንድ ገበሬ ቤት አደርን። ቤተ ሰቡ በሃይማኖት ከእኛ የተለየ ነበረ። የሆነ ሆኖ እመቤቲቱ የእኛን የረቡዕ ጾም ዐውቃ፣ ቅቤ ያልነካው አንጮቴ ቀቅላ አቀረበችልን፤ ውኃ አሙቃም እግራችንን አሳጠበችን። አንጮቴ የወለጋ ሰው የሚኮራበት ከመሬት የሚቆፈር ሥራ ሥር ነው፤ የመስቀል በዓል ያለ እሱ አይደምቅም። ባለቤቷ በነጋታው መሪያችን እንዲሆን ተስማማ። አንድ ውል ግን አስቀድሞ አስገባን፤ ይኸውም ማንም ከማንም ቀድሞ እንዳይሄድ፣ እስከ ሰባት ሰዓት ከጫፍ ያልደረሰም እንዲመለስ ነው። «ተራራው ወዴትም አይሄድም፤ ጀምበር ግን ትሄዳለች» አለን።

ሌሊት በዐሥር ሰዓት ጸሎት አድርሰን ወጣን። ጨረቃዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ስንቃችን ጭኮ፣ ቆሎ፣ የተቈላ ቡና ከቅቤ ጋር ተወቅጦ የሚበላው ቡና ቀላ፣ ለእያንዳንዱም ሰው ሦስት ሊትር ውኃ ነበር። የኔታ ከዚህ ሌላ ዳዊታቸውን በማኅደሩ አንግተዋል። መሪያችን ከፊት ሆኖ «ሱታ፣ ሱታ» ይለን ነበር፤ ቀስ በሉ ማለቱ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት በማሳና በቡና ጫካ መካከል አለፉ። ሲነጋ የዛፎቹ አናት በጉሬዛ ድምፅ ተናወጠ። ነጭ ካባቸውን እያርገበገቡ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘሉ አይተን፣ ተማሪው «እነዚህስ እንደ ካህናት ለብሰዋል» ቢል የኔታ ሣቁ። ከጫካው በላይ ሣርና ቍጥቋጦ፣ ከዚያም ድንጋይ እየበዛ መጣ። ከፍታው በጨመረ ቍጥር ትንፋሽ ያጥራል። በ3300 ሜትር ላይ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ በቆላ ሳንባ ደጋ ለሚወጣ ሰው እያንዳንዱ እርምጃ ዋጋ አለው።

ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ ከመጨረሻው ዐለት ሥር ደረስን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በእጅም በእግርም የሚኬድበት ነው። የኔታ ባንዲት ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ዝም አሉ። የቀኝ ጉልበታቸው አብጦ ነበር። ሊነሡ ሞከሩ፤ ሁለት እርምጃ ተራምደው እንደ ገና ተቀመጡ። ያን ጊዜ በመካከላችን ክርክር ሆነ። አንዱ ሁላችንም እንመለስ አለ፤ የጉዞው ባለቤት እሳቸው ሆነው ሳለ እኛ ወጥተን ምን እናደርጋለን? ሌላው ደግሞ ተሸክመን እናውጣቸው አለ። መሪያችን ዐለቱን አሳየንና ራሱን ነቀነቀ። በስተ ደቡብ ምዕራብም ደመና መነሣት ጀምሮ ነበር።

የኔታ እጃቸውን አንሥተው ጸጥ አሰኙን። እንዲህም አሉን፦ «ልጆቼ፣ ጌታችን ሦስቱን ይዞ ወደ ደብረ ታቦር ሲወጣ የቀሩት ሐዋርያት በእግረ ደብር ቆዩ። ሊቃውንቱ ግን በርእሰ ደብር የተገለጠው ምሥጢር በእግረ ደብር ላሉትም እንደ ተገለጠላቸው ያስተምሩናል። እኔ እግረ ደብር ደርሻለሁ፤ እናንተ ውጡ። ስድስት ሰዓት ሲሆን እናንተ ከላይ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ አቡነ ዘበሰማያት እንድገም።»

ብቻቸውን ሊተዉ ግን አልተቻለም። ከመካከላችን በጕልበቱ የበረታው፣ ማንም ቢደርስ እሱ ቀድሞ ይደርሳል የተባለለት ወንድማችን፣ ከማንም ሳይታዘዝ ጓዙን አወረደና ከየኔታ ጎን ተቀመጠ። «እኔ ሌላ ጊዜ እወጣዋለሁ» አለ። ፊቱን ወደ ዐለቱ አላዞረም። የኔታ ሊከለክሉት ሞክረው እንቢ ባላቸው ጊዜ ዳዊቱን ከማኅደሩ አውጥተው ሰጡትና «እንግዲያስ አንብብልኝ» አሉት።

የቀረነው አራት ሰዎች፣ መሪያችንን ጨምሮ፣ ከስድስት ሰዓት ጥቂት አስቀድመን ከጫፍ ደረስን። ነፋሱ ቆብ የሚነጥቅ ነበር። በስተ ሰሜን ያለው አገር ውኃ ወደ ዳቡስ፣ በዳቡስም በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል። በስተ ደቡብ ያለው ግን ወደ ባሮ ይወርድና በሶባት በኩል ከነጭ ዓባይ ይቀላቀላል። በዚህ ከፍታ የተለያዩት ሁለቱ ውኆች ከብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ በካርቱም እንደ ገና ይገናኛሉ። በ1874 ዓ.ም. ገደማ በዚህ ምዕራባዊ ዳርቻ የተመላለሰው ሆላንዳዊው መንገደኛ ሁዋን ማሪያ ሹቨርም የአገሩን ወንዞች ፈለግ ለማወቅ ብዙ ደክሟል። ዛሬ ዳቲ ወለል ብሔራዊ ፓርክ በሚባለው አካባቢ ጎሽና ጉማሬ የሚኖሩበት ረግረግ አለ። ምዕራቡ በጭጋግ ተሸፍኖ የጋምቤላን ቆላ አላየንም።

ደቡብ ምሥራቁ ግን ጥርት ብሎ ነበር፤ በዚያ አቅጣጫ፣ ከዓይን ማያ ባሻገር፣ ኢሉባቦርና ጎሬ ናቸው። በ1921 ዓ.ም. በመጀመሪያ ከተሾሙት ከአራቱ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ የነበሩት አቡነ ሚካኤል መንበራቸው ጎሬ ነበር፤ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣልያ ወታደሮች የተገደሉትም በዚያው ነው። ይህን ለተማሪው ስንነግረው ወደዚያ ዞሮ ቆቡን አወለቀ። ጌታችን የተሰቀለባት ስድስት ሰዓት ስትደርስም በነፋሱ መካከል ቆመን አቡነ ዘበሰማያት ደገምን። ድምፃችን ወደ ታች እንደማይሰማ እናውቅ ነበር። ነገር ግን ከታች ሁለት ሰዎች በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቃል ቆመው እንደ ነበረ ደግሞ እናውቅ ነበር።

ደመናው ሲቀርብ በሰባት ሰዓት መውረድ ጀመርን። ብዙ ሰው ተራራ ማለት መውጣት ብቻ ይመስለዋል፤ ጉልበት የሚፈተነው ግን በመውረድ ነው። ከዐለቱ ሥር ስንደርስ የኔታ ስለ ጫፉ አንዳች ከመጠየቃቸው በፊት «ውኃ ተረፋችሁን?» አሉን። እኛ እግራችን ዝሎ ነበር። ከእሳቸው ጋር የቀረው ወንድማችን ግን አራት ሰዓት ተኩል ያህል ዐርፎ ስለ ነበረ ኀይሉ ሙሉ ነው። መሪያችን ሁለት ምርኵዝ ቈርጦ ሰጣቸው፤ ያም ወንድማችን በስተ ቀኝ በኩል ትከሻውን ምርኵዝ አድርጎ እስከ ግርጌ ድረስ አወረዳቸው። እሱ ባይቀር ኖሮ በዚያ ሌሊት የኔታን ማን ባወረዳቸው? ይህን ሁላችንም በልባችን አሰብነው እንጂ አንደበት አውጥቶ የተናገረ አልነበረም።

ፀሐይዋ ከዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ እስክትጠልቅ ድረስ ያገኘናት ያቺ የምዕራብ ሩብ ሰዓት ከጫካው እንድንወጣ ረዳችን። ከዚያ በኋላ ልትሞላ ሦስት ቀን የቀራት ጨረቃ አበራችልን። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከገበሬው ቤት ስንደርስ ዐሥራ ስድስት ሰዓት በመንገድ ነበርን። በእሳቱ ዙሪያ ተቀምጠን ያየነውን ስንናገር የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙን። ስንጨርስም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አሁን ወጣሁት» አሉ።

እንዲህ ላለ ጉዞ ለሚነሣ ቤተ ሰብ የምንመክረው ጥቂት ነው። የአገሩን ሰው መሪ ማድረግ፣ በሌሊት መነሣት፣ ውኃን አለመናቅ፣ የተፈተነ ጫማ ማድረግ፣ ምርኵዝ መያዝ፣ የመመለሻውንም ሰዓት ከቤት ሳይወጡ ወስኖ ማክበር ነው። ከሁሉ በላይ ግን የጉዞው ልክ የብርቱው እግር ሳይሆን የደካማው እግር መሆኑን ከመነሻው መስማማት ያስፈልጋል።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ ምድር የጸጥታ ችግር ደርሶ ብዙ ቤተ ሰብ አዝኗል፤ ብዙም ሰው ከቀየው ተፈናቅሏል። ስለዚህ ማንም መንገደኛ የአገሩን ሽማግሎችና ባለሥልጣኖች ሳይጠይቅ እንዳይነሣ እናሳስባለን። በየቤታችን ጸሎት ስናደርስ ያን ምድርና በላዩ ያሉትን ሁሉ፣ በሃይማኖት የሚመስሉንንም የማይመስሉንንም፣ እናስብ። የእኛን ጾም አክብራ አንጮቴ የቀቀለችልን እመቤት፣ የመንገዳችንን ፍጥነት በደካማው ልክ የወሰነው ባለቤቷም የዚያ ምድር ልጆች ናቸው።

ቤተ ሰብም፣ ደብርም፣ አገርም እንደዚያ ዳገት ናቸው። አንዱ ይቀድማል፤ አንዱ ይደክማል። የቀደመው ስለ ደከመው ቆም ቢል ያጣው የሚመስለው ጫፍ አይጠፋበትም፤ በመውረጃው ሰዓት የሚያስፈልገው ኀይል በእጁ ይቈያል እንጂ። እግዚአብሔር አምላክ የወለጋን ምድር በሰላም ይጐብኝልን፤ መንገዱንም ለመንገደኛው ይክፈትልን።