ይገፋል እንጂ አይጎተትም

ባለፈው እሑድ በኾሩ ዳር የሆነውን ያልሰማ በዚህ ሰፈር አለ ብለን አናምንም። ሆኖም ይህች ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ እየዞረች ሩቅ ትደርሳለችና ነገሩን ባጭሩ እናስታውስ። ኾር የሚሉት የዝናብ ወንዝ በሌሊቱ ዝናብ ሞልቶ አደረ። ሦስት ልጆች ስድስት ቢጫ ጀሪካን ጎን ለጎን አስረው፣ በላዩ የበር ሳንቃ ጭነው፣ በመካከሉ እንጨት ተክለው፣ ከቤታቸው ጣሪያ ላይ የወሰዱትን የእርዳታ ሸራ በእንጨቱ ላይ ዘረጉ። ነፋስ መጣ፤ ነገሩም ሄደ። ሃያ ክንድ ያህል ከሄደ በኋላ ተገለበጠ። ሁለቱ ልጆች ጭቃ ለብሰው ወጡ፤ ሦስተኛው እግሩን የሳንቃው ምስማር ቀደደው።

ማታ ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ይሰባበር» አሉ። ሸራው የተወሰደባት እናት በዚያች ሌሊት ከነልጆቿ በዝናብ ተደብድባለችና ቁጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ወደ እኛም ዞረው «እናንተ መምህራን ናችሁ፤ ምን ትላላችሁ?» ብለው ጠየቁን። እኛ ዝም አልን። ዝምታችንን አንዳንዱ ትሕትና፣ አንዳንዱም ኩራት አድርጎ እንደ ወሰደው ሰምተናል። ሁለቱም አይደለም። አፍረን ነው። ለምን እንዳፈርን ለመናገር ይህን ጻፍን።

«እኛ» የምንለው ሁለት ነን። በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተምረን፣ በአንድ ትምህርት ቤት አስተምረን፣ ዛሬም በአንድ ድንኳን የምናድር ነን። ከሁለታችን አንዱ ይናገራል፤ ሌላው ይጽፋል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለአንባቢ የሚጠቅም አይመስለንም።

ትምህርት ቤታችን ከጎርጎራ ብዙ ሳይርቅ፣ ከጣና በስተሰሜን ነበር። ጣናን ያላየ ሰው ከዚህ ሰፈር ብዙ ስላለ ጥቂት እንበል። ስፋቱ ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱ ግን ጥልቅ በተባለው ስፍራ እንኳ ከ14 ወይም ከ15 ሜትር ብዙ አያልፍም። እንዲህ ያለ ሰፊና ጎድጓዳ ያልሆነ ውኃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይቆጣል። ንጋት ላይ ነፋሱ ከየብስ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከሐይቁ ወደ የብስ ይመለሳል። ዓሣ አጥማጁ ይህን የሚያውቀው ሳይማር ነው። እኛ ይህንኑ ለስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች በጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀስት ምልክት እየሣልን እናስተምር ነበር፤ በሰውነታችን ግን አናውቀውም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ከጣና ርቆ፣ ላንጋኖ ላይ ነው። ለሥልጠና ወደ ሐዋሳ ስንጓዝ አውቶቡሳችን በዚያ አካባቢ ተበላሸ። እስኪጠገን ድረስ ወደ ሐይቁ ወረድን። በዚያ ቡናማ ውኃ ላይ አንድ ሰው በጠባብ ሰሌዳ ላይ ቆሞ፣ ሸራ በሁለት እጁ ይዞ፣ ጀርባውን ወደ ውኃው አዘንብሎ ይበርራል። ሞተር የለውም፤ መቅዘፊያ የለውም። ዊንድሰርፊንግ ይባላል አሉን። በመልስ ጉዟችን ሁሉ ሌላ ወሬ አላወራንም። ጣና የሚያህል ውኃ ደጃችን ተኝቶ እኛ በእግራችን ዳር ዳሩን እንሄዳለን!

ሰሌዳ አልነበረንም። የነበረን ታንኳ ነው። ታንኳ ከደንገል ነዶ በገመድ ታስሮ ይሠራል። ደንገሉ ውኃ ስለሚጠጣ ከሥራ በኋላ ወደ የብስ ጎትቶ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ እንዲያም ተደርጎ ዕድሜው ከአንድና ከሁለት ወር ብዙ አይዘልም፤ ይበሰብሳል፤ ሌላ ይሠራል። ይህ ሙያ ከጥንት የወይጦ ሰዎች ሙያ ነው። ሙያውንም ባለሙያውንም የሚንቅ በአገራችን ብዙ ነበር፤ አሁንም አለ። እኛም ከዚህ ንቀት ንጹሓን ነን ብንል እንዋሻለን። ታንኳ ያዋሱን ሽማግሌ ጨዋ ሰው ነበሩ፤ እኛ ግን ከእርሳቸው ታንኳ ስንዋስ ምክር መጠየቅን ረሳን። ዲፕሎማ ነበረና።

ቅዳሜ ቅዳሜ እንሞክር ጀመር። መጀመሪያ ጋቢ ዘረጋን። ጋቢ ነፋስ ያሳልፋል፤ ከረጠበ በኋላ ደግሞ ከሰው ይከብዳል። ቀጥለን የማዳበሪያ ጆንያ ፈትተን በሲባጎ ሰፋን። ይህ ሠራ! በጠዋት ነፋስ ወደ ሐይቁ መሐል ሄድን፤ እየዘፈንን ሄድን። መመለስ ስንፈልግ ግን ታንኳው አልዞር አለ። ከታች ውኃውን የሚይዝ ክንፍ የሌለው ስለሆነ ነፋስ በጎን ሲመታው እንደ ቅጠል ወደ ጎን ይንሸራተታል እንጂ ነፋሱን ሰንጥቆ አይመጣም። ሸራውን አውርደን በቀርከሃ መቅዘፊያ እስከ ቀትር ቀዘፍን። መዳፋችን ተላጦ ሰኞ ዕለት ጠመኔ መያዝ አቃተን። ተማሪዎቻችንን በቃል አስጠናናቸው።

ሰው አንድ ጊዜ ነፋስ ከቀመሰ አይተውም። በየሳምንቱ አንድ ነገር ይበጠሳል፤ በየሳምንቱ እንጠግናለን። የላላውን ማሰሪያ እናጠብቃለን፤ የበሰበሰውን ነዶ አውጥተን ደረቅ እናስገባለን፤ የተቀደደውን ጆንያ እንሰፋለን። ጉልበታችን ተገሸለጠ፤ ጥፍር ወለቀ። ደመወዛችን ለገመድ ሄደ። ርእሰ መምህሩ «እነዚህ ልጆች ዓሣ ሊሆኑ ነው» ይሉን ነበር።

በግንቦት አንድ ቅዳሜ፣ ሰማዩ በስተደቡብ ጠቁሮ ሳለ ወጣን። ወፍራም የባሕር ዛፍ ተራዳ በደንገሉ መካከል ሰክተን በናይለን ገመድ አጥብቀን አስረን ነበር፤ እንዲያውም ማጥበቃችን አኩርቶን ነበር። ከዝናቡ ፊት የሚመጣው ነፋስ ሲደርስ ሸራው አልተቀደደም፤ ተራዳውም አልተሰበረም። ታንኳው ተቀደደ። ተራዳው ደንገሉን ሰንጥቆ ወጣ፤ ማሰሪያው ተበጠሰ፤ ታንኳው እንደ ነዶ ተፈታ። ተራዳው ሲወድቅ ከሁለታችን የአንዳችንን ትከሻ መታና አወለቀው። ሌላው በአንድ እጁ ጓደኛውን፣ በአንድ እጁ የተፈታ የደንገል እስር ይዞ ተንሳፈፈ። ያዳነን ያው ያፈረስነው ደንገል ነው። ነፋሱ ወደ የብስ ነበርና ገፍቶ አወጣን።

ወጌሻው እግሩን ብብት ውስጥ አግብቶ ትከሻውን ጎትቶ መለሰው። ከዚያ ወዲህ ይህ ትከሻ ሦስት ጊዜ ወልቋል። ሦስተኛው እዚሁ፣ ከውኃ ሰልፍ ላይ ጀሪካን ስናነሣ ነው፤ ያያችሁ አላችሁ።

ሽማግሌው ዳር ቆመው የተበተነውን ደንገል አዩ። የወር እንጀራቸው ነው። አልተቆጡም። «ልጆቼ፣ ታንኳ ይገፋል እንጂ አይጎተትም» አሉ። ገንዘብ ብንሰጥ እምቢ አሉ። «ደንገል አጭጄ አደርቃለሁ። ስሠራ ትይዙልኛላችሁ» አሉን። ታንኳ ሲታሰር አንዱ ካልያዘ አንዱ ማጥበቅ አይችልም። ይሁን፣ እንይዛለን አልን። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ እምቦጭ ጣናን እየወረረ ስለሆነ ጥሩ ደንገል ለማግኘት ሩቅ መሄድ ነበረባቸው። ሄደው አጨዱ። ደንገሉ ሳይደርቅ እኛ መተማን ተሻገርን። ለምን እንደ ተሻገርን የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ሳንሰናበታቸው መሄዳችን ግን ጉዳዩ ነው።

በካርቱም ሳለን ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌያዊ ስለ ሁለቱ የደንገል መርከቦቹ የጻፈውን አገኘን። አሥራ ሁለት ቶን ደንገል ከጣና ወስዶ፣ ከቻድ ሐይቅ ሠራተኞች አስመጥቶ፣ በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ «ራ» የተባለች መርከብ አሠራ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1969 ከሞሮኮ ተነሥታ በሸራ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘች፤ ነገር ግን ባርቤዶስ ለመድረስ ጥቂት ሲቀራት ተዋት። ምክንያቱን ስናነብ ሁለታችንም ዝም አልን። በጥንት ግብፃውያን ሥዕል ላይ ከመርከቡ ጅራት ጫፍ ወደ ወለሉ የሚወርድ አንድ ገመድ ነበር። ቅርጹን ለማስያዝ ብቻ መስሏቸው ተዉት። ባሕሩ ላይ ጅራቱ ሲሰምጥ ነው ገመዱ ለምን እንደነበረ የገባቸው። በዓመቱ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች «ራ ሁለት»ን ሠሩ፤ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ታዲያ ደንገል በሸራ ይጎተታል ማለት ነው። ሽማግሌው ተሳስተዋል? አልተሳሳቱም። እኛ እንደሠራነው አይጎተትም።

የላንጋኖውም ሰው ምስጢር ኋላ ነው የገባን። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ጂም ድሬክና ሆይል ሽዋይትዘር የተባሉ የካሊፎርኒያ ሰዎች በሠሩት ሰሌዳ ላይ ተራዳው አልተተከለም፤ እግሩ ወደ ሁሉም አቅጣጫ በሚታጠፍ መገጣጠሚያ ላይ ነው። ሰውየው ሸራውን ወደ ፊት ሲያዘነብለው ሰሌዳው ከነፋሱ ይሸሻል፤ ወደ ኋላ ሲያዘነብለው ወደ ነፋሱ ይዞራል። ነፋስ ከበረታበት ይለቀዋል፤ ሸራው ውኃ ላይ ይተኛል፤ ማንም አይጎዳም። ከ1984 ጀምሮ በኦሎምፒክ የሚወዳደሩበት ይኸው ነው። እኛ ያጠበቅነው መላላት የነበረበትን ነው።

በሚያዝያ 2015 የካርቱም ጦርነት ሲነሣ በሬንክ በኩል ወጥተን በጀልባ ወደ ማላካል ስንጓዝ እምቦጩ በነጭ ዓባይ ላይ እንደ ደሴት ሲንሳፈፍ አየን። በዚህ ወንዝ ላይ ከ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ስደተኛ ነውና ከእኛ ቀድሞ ሰፍሯል። በጁባ ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውኃ ከጣና አይመጣም፤ ከቪክቶሪያ በኡጋንዳ በኩል ነው የሚወርደው። አንዳንድ ወገኖች ድልድዩ ላይ ቆመው የአገሬ ውኃ ሲሉ ሰምተን አላረምናቸውም።

እንግዲህ የፊታችን ቅዳሜ ሽማግሌዎች ሲሰበሰቡ የምንለውን እነሆ። ነገሩ አይሰባበር። የእናትየዋ ሸራ ግን ወደ ጣሪያዋ ይመለስ፤ ተመልሷልም። ወደ ትልቁ ወንዝ ማንም አይውሰደው፤ አዞውም ጎርፉም እዚያ ነው። በኾሩም ላይ ቢሆን ነፋሱ ወደ እኛ ዳር በሚነፍስበት ሰዓት ብቻ፣ ረጅም ገመድ ታስሮበት፣ ጫፉን ትልቅ ሰው ይዞ ይሁን። ምስማሩ ይነቀል። ተራዳው ከሳንቃው ይፈታና እግሩ በብስክሌት ካላማዳሪ ተጠቅልሎ ይታሰር፤ ያን ጊዜ ይታጠፋል። ከሳንቃው በታችም አንድ ጣውላ በቁሙ ይግባ። ይህ ሁሉ ይሠራል ብለን አንምልም፤ የእኛ ከሠራው በላይ የፈረሰው ይበልጣል።

ትናንት እግሩ የቆሰለው ልጅ በአንድ እግሩ እያነከሰ ወደ ድንኳናችን መጣ። ካላማዳሪውን ከየት እንዳገኘው አልጠየቅነውም። ተራዳውን አስተኝቶ ጎማውን መጠቅለል ጀመረ። አልጠብቅ ሲለው ቀና ብሎ «መምህር፣ እስቲ ይያዙልኝ» አለ። ጤነኛው ትከሻ ያዘ።

ለሸራው የእህል ጆንያ እየሰፋን ነው። ሰባት አለን፤ ሁለት ይጎድለናል። ባዶ ጆንያ ወይም ጠንካራ ሲባጎ ያለው ይህችን ወረቀት ለሚቀጥለው ሲያስተላልፍ ለልጆቹ ያቀብልልን።